መናገር ቢያቅትዎ ማን ይናገርልዎ?

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ልጄ ቤቲ ኮል አደረገችኝና "ማሚ፣ ከእንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?" አለችኝ። "አርፌ ልቀመጥ ነው። ሰው መጠየቅ ሰልችቶኛል" አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ። የጠየቅሁትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ግን አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል። ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ሥራዬ በእንግሊዝኛ ረጅም ማዕረግ አለው፤ በአማርኛ ግን መዝጋቢ ነው። ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ኮምፒውተር የተጫነበት ጋሪ እየገፋች አልጋው ድረስ መጥታ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ኢንሹራንስ፣ የቅርብ ዘመድ እያለች የምትነዘንዘው፣ በመጨረሻም ስሙ የታተመበትን የፕላስቲክ አምባር እጁ ላይ የምታስርለት ሴትዮ እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም። የአገሬ ሰው ግን አንገት ላይ ባጅ ካየ ይበቃዋል፤ ሁሉም "ሲስተር እታለም" ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር፤ በኋላ ደከመኝና ተውኩት።

የጀመርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ፣ ከአንድ የቬትናሞች ዳቦ ቤት በላይ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ደሞዙ የሚወራለት አልነበረም። እዚያ የተማርኩት ግን የስምን ነገር ነው። በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጣው ሰው ሁሉ በወረቀት የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። የአያቱን ስም ካልጠራህ ሁለት ተስፋዬ ከበደ ባንድ ጠዋት ይመጡና አንዱ የሌላውን ደም ምርመራ ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ የባልና ሚስት ነገር ነው። የኛ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ባልና ሚስት ባዕድ ይመስላሉ፤ ወንድማማቾች ግን የአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ ወዲያው ይታወቃሉ። ይህን ያን ጊዜ ለሥራ ባልደረቦቼ እንደ ቀልድ ነበር የማወራው። አይ እኔ!

ከዚያ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ሥራውን ሥራ ብዬ ያየሁት እዚያ ነው፤ ያስተማረችኝም ሚስ ዶሎሬስ ናት።

ሚስ ዶሎሬስ ከቨርጂኒያ ደቡብ፣ ከትምባሆ አገር የመጣች፣ ስልሳን ያለፈች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። አጭር፣ ወፍራም፣ ስትራመድ ጫማዋ የሚጮህ። በመጀመሪያው ቀን ጋሪዬን እየገፋሁ አንድ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ቆሜ ጥያቄዎቹን ከስክሪኑ ላይ እያነበብኩ ሳዥጎደጉድ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማችኝ። ስጨርስ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝና "ማነው ያባረረሽ?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። "እንደሚያባርሩት ሰው ነው የምትናገሪው" አለች።

እሷ ቆማ ጠይቃ አታውቅም። የምትታጠፍ ወንበር ነበረቻት፤ እሷን በብብቷ ይዛ ትዞራለች። "ከላይ ሆነሽ የምትጠይቂው ሰው አዎ ብቻ ነው የሚልሽ" ትል ነበር። ትቀመጣለች፤ መጋረጃውን ትስባለች፤ ብዕሯን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች። አጠገቡ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ በረዶ አምጡልኝ፣ ብርድ ልብስ ፈልጉልኝ እያለች ቀስ አድርጋ ታስወጣለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ብርድ ልብስ የጠፋ ይመስል! ብቻቸውን ሲቀሩ ወሬ ትጀምራለች። አድራሻውን፣ ኢንሹራንሱን በወሬ መሀል ታገኘዋለች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያቺን ጥያቄ ታመጣለች፦ "መናገር ቢያቅትዎ ማን ይናገርልዎ?"

ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታው ነው ጥበቡ። እኔ ብሆን "ባለቤትዎ? ልጅዎ?" ብዬ አፉ ውስጥ እከትለታለሁ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች። ሰው ምን ሊል ይችላል መሰላችሁ? "ሚስቴ አይደለችም፣ ጎረቤቴ ናት የምታውቀኝ" ያላት ሰው አለ። "ልጄ እንዳይሆን ብቻ" ያላት እናት አለች። አሳላፊ የነበሩ፣ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት ጥቁር አዛውንቶች አሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር ከነካልሲው እያሻሸ ሲያሞቅ ታማሚው "እሱ ነው፤ ሌላ ማን አለኝ?" ሲላት እኔ ራሴ ወንበሯ ጎን ቆሜ ሰምቻለሁ። የተጠራው ሰው ሕግ የሚያውቀው ዘመድ ካልሆነ ሚስ ዶሎሬስ ከታችኛው መሳቢያ ሐምራዊ ፎልደር ታወጣለች። በውስጡ ውክልና የሚሰጥበት ፎርም አለ፤ ታማሚው ይፈርማል፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ "አንቺ ማን ነሽ?" ሊል አይችልም። "ስድስት ደቂቃ" ትለኝ ነበር ጣቷን እያወዛወዘች። "ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። ስድስት ደቂቃ የሌላት መዝጋቢ ሌላ ሥራ ትፈልግ።"

ሌላ ሥራ አልፈለግሁም። ወንበርም ገዛሁ፤ ብዕር ጸጉሬ ውስጥ መሰካትም ለመድኩ። ጎበዝ ተባልኩ። የሐበሻ ሰው ሲመጣ ከሌላ ሺፍት ሳይቀር ይጠሩኝ ጀመር። ልቤ ማበጥ የጀመረውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጋሽ ወርቅነህ ልምጣ። ስጽፍ ቡና ልጠጣ፣ ዕቃ ልጠብ እያልኩ ሦስት ቀን ሸሽቼዋለሁ።

ጋሽ ወርቅነህ ደምሴ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም፤ የተጣላ ባልና ሚስት ሲኖር ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔንና የቤቲን አባት ለማስታረቅ አራት ቅዳሜ እየተመላለሱ ቤቴ ተቀምጠዋል። እርቁ ባይሳካም ሰውየው ከልቤ አልወጡም። አብረዋቸው የሚኖሩት አምሳለ ናት። ከአምሳለ ጋር ሦስት ሽማግሌ አክስቷ ቤት ተልኮ፣ ተመርቀው፣ አዳራሽ ተከራይተው ሰው አብልተው አጠጥተው ነው የተጋቡት። እኔም በልቻለሁ። ከዚያ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ኖሩ። ካውንቲው፣ ማለትም ወረዳው፣ የሚሰጠውን የጋብቻ ፈቃድ ግን አላወጡም። መጀመሪያ ነገ ዛሬ ሲባል ቀረ። በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሄዶ "አጋቡን" ማለት "እስከ ዛሬ አልተጋባንም ነበር" ብሎ ለሰፈር ማወጅ ሆነ። የሰው ሁሉ አስታራቂ የሆነ ሽማግሌ ይህን እንዴት ያድርግ? ይህን እኔ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ልጠይቅ ግን እችል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቅነህ ሰው ኤርፖርት አድርሰው ሲመለሱ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ቅርብ ወደነበረው የኛ ሆስፒታል ራሳቸው ነድተው መጡ። አምሳለ የጎረቤት መኪና ይዛ ደረሰች። እኔ ጋሪዬን እየገፋሁ ስገባ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ።

"እታለምዬ! ያንቺ ቤት ነው እንዴ? ብሎ ብሎ እግዜር ባንቺ እጅ ጣለኝ!"

"ምን ሆነው ነው ጋሼ? ሰው እንዲህ ያስደነግጣሉ?"

"ምንም አይደል፣ ደሜ ነው። ከፍ ብሏል አሉ።"

ስማቸውን፣ አድራሻቸውን ሞላሁ። ወንበሬን አልዘረጋሁም። መጋረጃውን አልሳብኩም። አምሳለን ብርድ ልብስ አምጪ ብዬ አላስወጣሁም፤ እጃቸውን ይዛ ነበር። የቅርብ ዘመድ የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። እኚህን ሰውዬ፣ የእኔን ትዳር ለማዳን አራት ቅዳሜ ያጠፉትን ሽማግሌ፣ ሚስታቸው ፊት "ይቺ ሴት በወረቀት ሚስትዎ ናት ወይ?" ልበላቸው? ያቺን ሌላዋን ጥያቄማ እንዴት ላንሳት? ቁጭ ብለው እየሳቁ "መናገር ቢያቅትዎ" ብል ሟርት አይሆንብኝም? ስለዚህ ጥያቄውን ራሴ መልሼ አቀረብኩላቸው።

"ባለቤትዎ አምሳለ ናት ልበል አይደል?"

"ታዲያ ማን ልትዪ ኖሯል?" አሉ እየሳቁ። አምሳለም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። 'ባለቤት' ብዬ ጻፍኩ፤ አምባሩን አሰርኩ፤ ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ። ሐምራዊው ፎልደር ከመሳቢያው አልወጣም። እንዲያውም በጨዋነቴ ተደስቼ ነበር የሄድኩት።

ሌሊቱን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። በማግሥቱ ስገባ ላይኛው ፎቅ፣ በመሣሪያ ይተነፍሳሉ። አምሳለ ሌላ ስቴት ለሚኖሩት ወንድማቸው ለአቶ ጌታሁን ደውላ ጠርታቸው ነበር፤ ደግ ያደረገች መስሏት። መጡ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ወንድማቸውን የሚወዱ፣ ለዓመታት የተኳረፉ፣ ደንግጠው የመጡ ሰው ናቸው። የሚወሰን ትልቅ ነገር ስለነበር ሐኪሞቹ "ባለቤታቸው ይወስኑ" ሲሉ አቶ ጌታሁን "አልተጋቡም፤ ወረቀት አላቸው?" አሉ። አምሳለ የሰርጋቸውን ፎቶ ከስልኳ አሳየች። ፎቶ ወረቀት አይደለም። መታወቂያዋ ላይ አምሳለ ገብሬ ይላል፤ የእሳቸው ላይ ጌታሁን ደምሴ። በቀልድ የማወራው ነገር ይኸው መጣ።

ከላይ ተደውሎ ሳጥኑን እንዳስተካክል ታዘዝኩ። በገዛ እጄ 'ባለቤት' የሚለውን አጥፍቼ 'ወዳጅ' ብዬ ጻፍኩ። በቨርጂኒያ ሕግ ወንድም ሲኖር ወዳጅ ወረፋው ሩቅ ነው። አቶ ጌታሁን በሐዘንም በቁጣም ሆነው ከዘመድ በቀር ሰው እንዳይገባ አሉ። አምሳለ ሁለት ቀን ሙሉ ከሊፍቱ ፊት ለፊት ባለው መጠበቂያ ቦታ ተቀመጠች፤ የጋሽ ወርቅነህን ጫማ በፕላስቲክ ከረጢት ጭኗ ላይ ይዛ። ድንገተኛ ክፍል ሲያወልቁላቸው ለእሷ ነበር የሰጡት። በሦስተኛው ቀን አረፉ። እሷ አልገባችም። አስከሬናቸውም ወደ አገር ቤት፣ ወንድምዬው ወደመረጡት ቦታ ሄደ፤ ለአምሳለ ቅርብ ሆና የምትጎበኘው መቃብር እንኳ አልቀረላትም።

ሚስ ዶሎሬስ ነገሩን የሰማችው በሁለተኛው ቀን ነው። ምንም ሳትለኝ ወንበሯን በብብቷ ይዛ ሊፍቱ ጋ ወጣች፣ አምሳለ አጠገብ ዘርግታ ተቀመጠች፣ ሺፍቷ እስኪያልቅ እጇን ይዛ ዋለች። ቃል ብዙም አላስፈለጋቸውም። ማታ ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችኝ።

"ለምን አልጠየቅሽም?"

"አከብራቸዋለሁ" አልኩ። "በእኛ ባህል ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠየቅም።"

የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። "እኔም አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ሲሞት እዚህ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ ነበር" አለች። "የእናቱ ልጆች ነበሩ ውስጥ የነበሩት። ማንም አልጠየቀውም። አንቺ ሰውየውን አላከበርሽም፣ ልጄ። ራስሽን ከማፈር ነው ያዳንሽው።"

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ሰኞ ግን እንደ ወትሮው ቁርሷን አካፈለችኝ።

እዚያ ሊፍት ጋ ማለፍ እያቃተኝ ሲሄድ ሥራ ቀይሬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወርኩ። ለአምሳለ ለቅሶ ደረስኩ፣ ዐርባውን አብሬ ዋልኩ፣ እየቆየን ጓደኛ ሆንን። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን፤ ስትታመም ሾርባ እወስዳለሁ። ስለ ሐምራዊው ፎልደር ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሷ ጥፋቱ ሁሉ የሕጉና የወንድምዬው ይመስላታል፤ እኔም እንዲመስላት ተውኩ።

ዓመታት አልፈው ሜሪላንድ ውስጥ ክርክሩ ተነሳ። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተው ይመዝገቡ፣ በውርስና በመሳሰለው እንደ ቤተሰብ ይቆጠሩ የሚል ረቂቅ ነው። አብሮ የሚኖር ሰው ሆስፒታል የመግባቱ ነገር እንኳ በእኛ፣ በሜሪላንድ በኩል ቀደም ብሎ በመጠኑ ተሻሽሎ ነበር፤ ግን ሰው አያውቀውም። የመረዳጃ ዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ እዚህ የተወለደ ልጅ፣ ጠበቃ ነው፣ ረቂቁን እንደግፍ ብሎ ተነሳ። አዳራሹ ተረበሸ። ሊቀ መንበራችን አቶ ተፈራ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መነጽራቸውን አውልቀው ተናገሩ።

"ጎበዝ፣ ይሄ ለእኛ ዓይነት ሰው የወጣ ሕግ አይደለም። ዛሬ ይሄን ብንደግፍ ነገ ልጆቻችን ሰርግ የሚባል ነገር ይተዋሉ። ትዳር ክብር ነው፤ በፎርም አናቃልለው!"

ተጨበጨበላቸው። አንዱ "የወንድና የወንድ ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን ቤት ነን?" አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። ስም ሳልጠራ የአንድ ሰው ታሪክ ልናገር ነው አልኩና ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ሳልደርስ አምሳለ ከኋላ ተነሳች።

"ሰውየው ወርቅነህ ናቸው" አለች። "ሴትየዋ እኔ ነኝ። እዚህ ካላችሁት ግማሻችሁ ሰርጌ ላይ በልታችኋል። ተጋብተናል አልተጋባንም?"

"እንዴታ! ተጋብታችኋል" አሉ አቶ ተፈራ ቀስ ብለው።

"እንግዲያው ለመንግሥት ንገሩልኛ! እኔ አዲስ ሰርግ አልጠየቅሁም። ያለው እንዲጻፍ ነው የምለው።"

ድምፅ አልተሰጠም፤ ነገሩ በይደር ተላለፈ። ሰው ሲበተን ግን አቶ ተፈራ ካፖርታቸውን እየለበሱ ጠጋ አሉኝና በጆሮዬ "ሲስተር፣ እኔና ብዙነሽም የካውንቲውን ነገር… እንዲያው ብናጣራ አይከፋም መሰለኝ" አሉኝ። ወይ ጉድ! ያን ቀን መሳቅ ያማረኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ጠበቃው ልጅ አናፖሊስ፣ የሜሪላንድ ምክር ቤት ፊት ቀርቤ እንድመሰክር ጠየቀኝ። አምሳለን ይዤ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው መብራት ሲቀላ ማቆም ነው። ከእኔ በፊት አንዲት አዛውንት ረቂቁን ተቃወሙ። ጨዋ ሴት ናቸው፤ "ትዳር የሚባል በር አለ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ለምን ሌላ በር እንቆርጣለን?" አሉ። እውነቴን ነው፣ መልስ ያለው ጥያቄ አልመሰለኝም ነበር።

ተራዬ ደረሰ። የአምሳለን ታሪክ ተናገርኩ። ከተወካዮቹ አንዱ አቋረጠኝ፣ በትሕትና። "ይቅርታ እመቤት፣ የጋብቻ ፈቃድ እኮ ቀላል ነገር ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ምን አገዳቸው?"

"ኀፍረት" አልኩት። "ፈቃዱን ያወጡ ቀን እስከዚያ ድረስ ሚስቱ አልነበረችም ማለት ይሆንባቸዋል። መመዝገብ ግን ያለውን ነገር አለ ማለት ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ተናጋሪ ተብዬ እወጣ ነበር። ግን የሚስ ዶሎሬስ ፊት ድቅን አለብኝ፤ ያን የመኪና ማቆሚያ ላይ ያለውን ፊት። ሕጉን ብቻ ከሰስኩ ሌላ ውሸት ልጽፍ ነው። መብራቱ ቢጫ ሆኗል።

"ጥፋቱ የሕጉ ብቻ አይደለም" አልኩ። "ያን ቀን እሱን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ፎርም ነበረኝ። ቢፈርም ኖሮ ማንም አያስወጣትም ነበር። እኔም አፈርኩ። አልሰጠሁትም።"

መብራቱ ቀላ። ጊዜዬ አልቋል ተባልኩ። ዞር ስል አምሳለ ከኋላዬ ባለው ረድፍ ላይ ነበረች። ከሃያ ዓመት በላይ አሜሪካ ኖራለች፤ የእኔን እንግሊዝኛ ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምነዳው። ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ገባን።

"ፎርም ነበረ?" አለች።

"ነበረ።"

"ወርቄ ቁጭ ብሎ እየሳቀ፣ ፎርሙ እዚያው ነበረ?"

"እታች ካለው መሳቢያ።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "ስድስት ደቂቃ" አልኳት።

ቤቷ በር ላይ አደረስኳት፤ ወርዳ የመኪናውን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኬን አታነሳም። እሁድ ሳያት ቦታ ትቀይራለች። አልፈረድኩባትም። ረቂቁ ተሻሽሎ፣ ተከራክረውበት፣ በሜሪላንድ አለፈ። በድልድዩ ማዶ፣ በቨርጂኒያ በኩል፣ እንዲህ ያለ ምዝገባ የለም፤ እዚህ የተመዘገበ ሰው እዚያ ቢታመም መጀመሪያ ፎርሙን ይፈርም እላለሁ፣ ላገኘሁት ሁሉ። ረቂቁ ያለፈ ቀን ጠበቃው ልጅ ደስ ብሎት ኮል ሲያደርገኝ ማንን ልንገር? ልነግራት የምፈልገው ሰው አታናግረኝም።

ከጋሽ ወርቅነህ በኋላ የቀረውን የሥራ ዘመኔን ሁሉ በሚስ ዶሎሬስ መንገድ ሠራሁ። ማንንም አልማርኩም። ቄስም ይሁኑ፣ አጎቴም ይሁን፣ ዶክተርም ይሁን፣ መጋረጃ እስባለሁ፣ ቤተሰቡን በረዶ አምጡ ብዬ አስወጣለሁ፣ እጠይቃለሁ። የተቆጡኝ አሉ። "ሟርተኛ!" ያሉኝ አሉ። አንድ ሽማግሌ የአምባሩን ፕላስቲክ ፊቴ ላይ ወርውረዋል፤ ሲወጡ ግን ፈርመው ነው የወጡት። ሚስ ዶሎሬስ ያረፈች ጊዜ ያቺን ታጣፊ ወንበሯን እህቷ ላከችልኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የበሬ ደወል ጮኸ። ከፈትኩ፤ አምሳለ ናት። ከአናፖሊስ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖን ነበር። ከስታለች። ከኋላዋ አቶ ተፈራና ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ቆመዋል።

"ግቡ እንጂ" አልኩ።

አምሳለ አልተሳለመችኝም። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የውክልናው ፎርም ነው፤ የሜሪላንድ ነው እንጂ ያው ነው። "የፊታችን ሳምንት ልቤን ኦፕሬሽን ሊያደርጉኝ ነው" አለች። "እነዚህ ምስክር ሊሆኑኝ ነው የመጡት። ሙዪልኝ። በደንቡ መሠረት አድርጊው፤ ለሰው እንደምታደርጊው።"

በደንቡ አደረግሁት። አቶ ተፈራንና እትዬ ብዙነሽን ኩሽና ገብታችሁ ሻይ አፍሉልን ብዬ አስወጣኋቸው። በሩን ዘጋሁ። የሚስ ዶሎሬስን ወንበር ዘርግቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ብዕሬን ጸጉሬ ውስጥ ሰካሁ።

"አምሳለ፣ መናገር ቢያቅትሽ ማን ይናገርልሽ?"

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ከኩሽና የውሃው ድምፅ ይሰማል። ልጅ የላትም፤ እህቷ ሞታለች፤ አክስቷ አርጅታለች። ማንን እንደምትጠራ አላወቅሁም።

"አንቺ" አለች።

"እኔ?"

"አንቺ። አንዴ አፍረሽ ምን እንደሚመጣ አይተሻል። ከእንግዲህ የማታፍሪ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ የማውቀው።" እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። "ይቅር አልኩሽ አላልኩም። ጻፊው ነው ያልኩሽ።"

ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ ዝምድና የሚል ሳጥን አለ።

"እህት በዪ" አለች።

"እህትሽ አይደለሁም" አልኳት። "በይሉኝታ ሳጥን አልሞላም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። "እሺ፣ ጓደኛ በዪ" አለች።

ጓደኛ ብዬ ጻፍኩ። አቶ ተፈራና እትዬ ብዙነሽ ከኩሽና ተጠርተው መጥተው ፈረሙ። ሻዩን ማንም አልጠጣውም። አምሳለ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስትነሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች፤ ስትገባም አይታው ኖሯል። እኔም አየሁ። ስድስት ደቂቃ ፈጅቷል።